በርካሽ ኮምፒውተር ላይ ጨዋታ ስለሚቆራረጥበት ምክንያትና ስለ አመረማመሩ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፥ በዋጋው ዝቅተኛ በሆነ ኮምፒውተር ላይ ዘመናዊ ጨዋታ ሲጫወቱ ሥዕሉ ለአፍታ ቀጥ ብሎ እንደገና የሚቀጥልበትን ምክንያት ነው። በተማሪ ዘንድ «ስታክ አደረገ» የሚባለው ይህ ነው። ሦስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለ ኮምፒውተር ከገዛን በኋላ ይኸው ችግር ቢገጥመን፥ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ሁለተኛ መዋጮ ጀምረን ነበር። መዋጮው ከመሙላቱ በፊት ብንመረምር ግን ጥፋቱ የካርዱ ሆኖ አልተገኘም። እንደ እኛ ያለ ተማሪ ገንዘቡን ያላግባብ እንዳያወጣ በማሰብ የደረስንበትን እናቀርባለን።

አስቀድሞ መንቀርፈፍና መቆራረጥ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጨዋታ የሚታየው ፍሬም የሚባሉ ሥዕሎች ተከታትለው ሲወጡ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ከወጣ ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። በስክሪኑ ጥግ የሚታየው ቁጥር ግን አማካይ ስለ ሆነ ዐይን ያየውን ይደብቃል። ለማስረዳት ያህል፥ ከ100 ፍሬሞች 99ኙ በ15 ሚሊ ሰከንድ ወጥተው አንዱ ብቻ 150 ቢፈጅ፥ አማካዩ 16.35 ይሆናል፤ ቁጥሩም በሰከንድ 61 ፍሬም ያሳያል። ቁጥሩን ያየ ሰው ደኅና ነው ይላል፤ ተጫዋቹ ግን የሞተው በዚያችው በ150 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ነው። ስኮት ዋሰን የተባለው ጸሐፊ ይህንኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በቴክ ሪፖርት ላይ በሰፊው ካስረዳ ወዲህ፥ ካርድ የሚመዝኑ ሰዎች የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ መለካት ለምደዋል። እኛም በነፃ የሚገኘውን ፕሬዘንትሞንን ተጠቀምን፤ የየፍሬሙ ጊዜ በመስመር ሲሣል መቆራረጡ እንደ እሾህ ብቅ ብሎ ይታያል።

ከዚህ በኋላ የሚጠየቀው «እሾሁ የሚወጣው መቼ ነው?» የሚል ነው። በጨዋታው ውስጥ አንድ መንገድ መርጠን ሁለት ጊዜ ሄድንበት። በመጀመሪያው ጉዞ ብቻ ተቆራርጦ በሁለተኛው ከተስተካከለ፥ ምክንያቱ በአብዛኛው ሼደር ነው። ሼደር ማለት ብርሃን፥ ጥላና ጢስ እንዴት እንደሚሣሉ ለግራፊክስ ካርዱ የሚነግር ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፥ ለየካርዱ ዓይነትና ለየድራይቨሩ እንደገና መተርጐም አለበት። ጨዋታው ትርጉሙን አስቀድሞ ካላዘጋጀ፥ አዲስ ፍንዳታ በመጣ ቁጥር ፕሮሰሰሩ መተርጐም ይጀምራል፤ ሥዕሉም ቆሞ ይጠብቀዋል። በ2022 የወጣው ዘ ካሊስቶ ፕሮቶኮል በዚሁ ምክንያት እጅግ ተወቅሷል፤ ውድ ኮምፒውተር ያላቸውም አልዳኑም። ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ መግዛት ከንቱ ነው። ጨዋታው ሲከፈት ሼደር እያዘጋጀሁ ነው ካለ እስኪጨርስ መታገሥ፥ ድራይቨር ከታደሰ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ቢቆራረጥ አለመደንገጥ ይበቃል። ኮምፒውተር አጸዳለሁ በሚል ፕሮግራም የተተረጐመውን ሁሉ በየሳምንቱ የሚደመስስ ጓደኛ አለን፤ በየሳምንቱም ያማርራል።

በእኛ ኮምፒውተር ላይ ግን ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው አልተሻለም። ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በተሻገርን ቁጥር እሾሁ እዚያው ቦታ ላይ ይወጣል። ይህ የሚያመለክተው የማከማቻን ችግር ነው። ወጥ ሠሪ በርበሬውን ከምድጃው አጠገብ ካገኘች ወጡ አይዘገይም፤ ከጓዳ ካመጣችው ጥቂት ይዘገያል፤ ገበያ ከወረደች ግን እሳቱ ይጠፋል። ለጨዋታም ምድጃው አጠገብ ያለው የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው፤ ጓዳው ራም፥ ገበያው ዲስክ ነው።

የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ ምን እንደሚደርስ ለማየት በ2022 የወጣው ራዲዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ጥሩ ምሳሌ ነው። ካርዱ ያለው 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲሆን ከዚያ በሰከንድ 144 ጊጋባይት ያነብባል። ከራም ጋር የሚያገናኘው መንገድ ግን አራት መስመር ብቻ ስለ ሆነ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ያህል፥ በሦስተኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ 4 ያህል ብቻ ያሳልፋል። ስለዚህ 4 ጊጋባይቱ ሞልቶ ከፈሰሰ፥ በተለይ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ፥ ውድቀቱ ከባድ ነው። መድኃኒቱ በሴቲንግ ውስጥ የቴክስቸርን ጥራት አንድ ደረጃ ማውረድ ነው። የእኛም ካርድ ባለ 4 ጊጋባይት ስለ ነበረ ይህን ብናደርግ ጥቂት ተሻለው እንጂ አልዳነም።

ቀጥለን ወደ ራሙ ሄድን። ያለን አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ነበር። ታስክ ማኔጀርን ከፍተን ብናይ፥ ብራውዘር ተከፍቶ ሳለ ጨዋታው ሲጀመር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ራም ሲጠብ ዊንዶውስ ከፊሉን ወደ ዲስክ ያወጣል፤ የእኛ ዲስክ ደግሞ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ የተጠየቀውን ቦታ ለማግኘት ብቻ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ይኸውም ከአንድ ፍሬም ዕድሜ ከግማሽ በላይ ነው። ከዚህም ሌላ ዲዲአር4 3200 የሆነ ራም ብቻውን ሲሆን በሰከንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት፥ ጥንድ ሲሆን እስከ 51.2 ያሳልፋል።

ከመግዛታችን በፊት አንድ ተመሳሳይ ራም ለአንድ ሌሊት ተዋስን። በመጀመሪያ ሁለቱን ጐን ለጐን ሰካናቸው፤ መጠኑ ቢጨምርም ጥንድ ሆነው አልሠሩም። አራት ቀዳዳ ባለው ማዘርቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ከፕሮሰሰሩ ሲቈጠር ሁለተኛውና አራተኛው መሆኑን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። በትክክል ከሰካን ወዲያ አማካዩ ቁጥር እምብዛም ከፍ አላለም፤ እሾሁ ግን አብዛኛው ጠፋ። ይህ ውጤት ራሱ አማካይን የሚያምን ሰው ምን ያህል እንደሚሳሳት ያሳያል። የቀረውም ጨዋታውን ወደ አነስተኛ ኤስኤስዲ ስናዛውረው ቀነሰ። ሁለቱን ለመግዛት ለካርድ ካሰብነው ገንዘብ ግማሹ እንኳ አልወጣም።

ጨዋታው ደኅና ጀምሮ ከቈይታ በኋላ የሚቆራረጥ ከሆነ ሙቀትን መጠርጠር ነው፤ አቧራውን መጥረግ፥ ላፕቶፕም ከሆነ ከአልጋ ላይ ማንሣት። መቆራረጡ ያለማቋረጥ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ፍሬሙና ስክሪኑ አልተስማሙም ማለት ሊሆን ይችላል። በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ተራ ስክሪን ላይ 45 ፍሬም ሲወጣ አንዱ ሥዕል አንድ ተራ፥ ሌላው ሁለት ተራ ይቆያል። በ30 ላይ ገደብ ቢደረግ ቁጥሩ ያንሳል፤ ለዐይን ግን ይለዝባል።

ይህን ሁሉ ስናደርግ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጠን አናውቅም፤ ብንለውጥ ኖሮ የትኛው እንደ ፈወሰው አናውቅም ነበር። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከትልቁ በር ስንገባ የሚወጣ እሾህ እስካሁን አለ። ከእኛ እጅግ በተሻለ የጓደኛችን ኮምፒውተር ላይም በዚያው በር አይተነዋልና፥ እርሱን ለጨዋታው ሠሪዎች ትተነዋል።