በአረንጓዴ ብርድ ልብስ ላይ የተኛው መምህር

እ.ኤ.አ. በ1996 በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ሜሪ ጎርደን የተባሉ የትምህርት ባለሙያ አንድ ያልተለመደ ትምህርት ጀመሩ። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የርኅራኄ ሥሮች» ልንለው እንችላለን። ተማሪዎች ወለሉ ላይ በተነጠፈ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው የሚተኛው «መምህር» ደግሞ ትምህርቱ ሲጀመር ከሁለት እስከ አራት ወር የሚሆነው የአካባቢው ሕፃን ነው። ሕፃኑ በትምህርት ዘመኑ ከወላጁ ጋር ዘጠኝ ጊዜ ወደ ክፍሉ ይመጣል። ከየጉብኝቱ በፊትና በኋላ የሠለጠነ አስተማሪ ስለሚያወያያቸው ትምህርቱ በድምሩ 27 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል።

ለተማሪዎቹ የሚቀርበው ጥያቄ እጅግ ቀላል ይመስላል፤ ሕፃኑ ለምን አለቀሰ? ርቦት ነው፣ ደክሞት ወይስ ፈርቶ? መናገር የማይችለው ፍጡር የሚሰማውን ከፊቱ፣ ከእጁና ከድምፁ ማንበብ ይኖርባቸዋል። ቀጥሎ ጥያቄው ወደ ራሳቸው ይዞራል፤ እናንተስ እንዲህ የተሰማችሁ መቼ ነው? ታናሽ እኅቱን አዝሎ ያደገ አንባቢያችን «ይህማ ምኑ አዲስ ነው?» ቢል አንፈርድበትም። ሆኖም ልጅ ያዘለ ልጅ እሹሩሩ እንዲል ይታዘዛል እንጂ ስለ ለቅሶው ምክንያት ሐሳቡን የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የሥነ ልቦና ምሁራን እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ይለያሉ። አንደኛው የሌላው ስሜት ሲጋባብን ነው፤ በቅርቡ የተወለዱ ሕፃናት እንኳ የሌላ ሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ያለቅሳሉ። ሁለተኛው ሌላው ሰው ከእኛ የተለየ ሐሳብና ስሜት እንዳለው መረዳት ሲሆን፣ ይህ ችሎታ በአራት ዓመት ዕድሜ ገደማ ጎልቶ ይታያል፤ ከዚያም በኋላ ያድጋል። ትምህርት ቤት ይበልጥ ሊያግዝ የሚችለው ይህን ሁለተኛውን ይመስለናል።

ታዲያ ውጤቱ ምን ሆነ? የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ኪምበርሊ ሾነርት-ራይክልና ባልደረቦቿ ከ4ኛ እስከ 7ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት በ2012 አሳትመዋል። በጥናቱ መሠረት ትምህርቱን የወሰዱት ልጆች ሆን ብሎ ሌላውን የማጥቃት ጠባያቸው መቀነሱን መምህራን መስክረዋል፤ የክፍል ጓደኞቻቸውም ደግና አጋዥ ብለው ይበልጥ መርጠዋቸዋል። ልጆቹ ስለ ራሳቸው ርኅራኄ በሞሉት መጠይቅ ላይ ግን ልዩነት አልታየም! እኛን ይበልጥ የሳበን ይኸው ነው። አንድን ልጅ «ሩኅሩኅ ነህን?» ብሎ መጠየቅ ደካማ መለኪያ ሳይሆን አይቀርም፤ ጎረቤቱ ግን ያውቀዋል። በአንጻሩ ምስክርነቱን የሰጡት መምህራን ሕፃኑ በክፍላቸው መገኘቱን ያውቁ ስለነበር ግምታቸው ወደ በጎ ሊያዘነብል እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ለሕይወት ክብር መስጠት በሰው ልጅ ብቻ አይወሰንም። በየመንደራችን ውሻ በድንጋይ የሚያሳድድ ልጅ ብርቅ አይደለም፤ በክፍል ውስጥ ግን ስለ እንስሳት በአብዛኛው የሚማረው ጥቅማቸውንና የአካል ክፍላቸውን ነው። የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ አሲዮኔ እንስሳትን በርኅራኄ ስለ መያዝ ዓመቱን ሙሉ የተሰጠን ትምህርት መርምሮ በ1992 ባሳተመው ጥናት፣ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ለእንስሳት ያላቸው አመለካከት መሻሻሉን፣ በተለይም ትምህርቱ በጥሩ ሁኔታ ሲሰጥ ርኅራኄያቸው ወደ ሰውም መሻገሩን ዘግቧል። ልጆቹ ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና ሲፈተኑም ለውጡ አልጠፋም ነበር።