ከልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት ትኩሳት ችላ ሊባል አይገባም

በአገራችን በርካታ ወጣቶች ለልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚዳረጉት በወቅቱ ካልታከመ የቶንሲል ሕመም በሚመጣ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በዚህ ሕመም የተጎዳ ቫልቭ በደም ውስጥ በሚገቡ ባክቴሪያዎች በቀላሉ ይጠቃል፤ ይህም ኢንዶካርዳይቲስ ይባላል። ቀዶ ሕክምናው ሕይወትን የሚታደግ ቢሆንም አዲሱ ቫልቭም በዚሁ ኢንፌክሽን ሊያዝ ይችላል። ስጋቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍተኛ ሲሆን ከዓመታት በኋላም አይጠፋም።

በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን እንደሚገኘው አዲጋላ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ትኩሳት ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ሆኖም የወባ ምርመራ ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው በዚያው ዕለት ለጤና ባለሙያው ስለ ቀዶ ሕክምናው መንገር ይኖርበታል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ በደም ምርመራ የሚገኘውን ባክቴሪያ ስለሚሰውር ትክክለኛውን ሕክምና ያዘገያል። ቀዶ ሕክምናው በአዲስ አበባ የተደረገ ቢሆንም ወደዚያ እስኪኬድ መጠበቅ አያስፈልግም። በአቅራቢያ ከሚገኝ ጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ተቀብሎ ድሬዳዋ ወደሚገኘው ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል መሄድ ይቻላል።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፦

• 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የሌሊት ላብ፤
• የትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር እብጠት፤
• በድንገት የፊት መጣመም፣ የእጅና እግር መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር፤
• የማይቆም መድማት ወይም ጥቁር ሰገራ።

ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተገጠመላቸው ታካሚዎች ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይወስዳሉ። መጠኑ ሲያንስ ደም ረግቶ ስትሮክ ሊያስከትል፣ ሲበዛም መድማት ሊያመጣ ስለሚችል፣ አይ ኤን አር የተባለውን የደም ምርመራ በቀጠሮ ማድረግ ግዴታ ነው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መውሰድ አይገባም። መድኃኒቱ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችልም ልጅ ለመውለድ ያሰበች ታካሚ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር ይኖርባታል።

ጥርስ ከማስነቀል በፊት ስለ ቫልቩ መናገር፣ የጥርስን ንጽሕና መጠበቅ እንዲሁም እንጥልን በባህላዊ መንገድ ከማስቆረጥ መቆጠብ ኢንፌክሽንን ለመከላከል ይረዳል። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ የታዘዘላቸው ሰዎችም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለ ሐኪም ውሳኔ ማቋረጥ የለባቸውም። ታካሚዎች የቀዶ ሕክምና ማስረጃቸውን ከእጃቸው ሳይለዩ ወደ ማንኛውም ጤና ተቋም ይዘው እንዲቀርቡ ይመከራል።