ያቺ ጩኸታም ፕሪንተር ትጣል እንዴ?

ደብረ ኤልያስ ላይ የአንድ እህል ነጋዴን መጋዘን ሂሳብ የምትይዝ ልጅ አለች። ስሟ ይቆየን። አሠሪዋ የሂሳቡን ፕሮግራም አዲስ አበባ ወዳለ ሰርቨር አዛወሩትና አሁን የምትሠራው በሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው እዚያ፣ እሷ ዘንድ የሚመጣው የስክሪኑ ምስል። ይሁን! የዕቃ ማውጫ ቅጹን የምታትምባት ባለ 9 መርፌ ኤፕሰን ግን ጠረጴዛዋ ላይ ናት፤ ሰርቨሩ አያውቃትም። አሠሪዋም "እንግዲያው ቅጹ እዚህ ይታተም፣ አንቺም..." ብለው ዝም አሉ። ከዝምታው በኋላ ያለው መቼም ይገባችኋል። "ወንድምዬ፣ በፕሪንተር ሰበብ እንጀራዬ ሊዘጋ ነው" ብላ ደወለችልኝ።

"አሮጌውን ጣይ፣ ሌዘር ይገዛ" ያሏትም አሉ። ኧረ ተዉ! ባለ መርፌዋ ወረቀቱን እየመታች ስለምትጽፍ ካርቦኑ ሥር ያሉት ቅጂዎች አብረው ይወጣሉ፤ አንዱ ለሾፌሩ፣ አንዱ ለመጋዘኑ፣ አንዱ ለቢሮው። ሌዘር አይመታም፤ የላይኛዋን ብቻ አትሞ ያርፋል።

መላው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ ሪሞት ዴስክቶፕ የእናንተን ፕሪንተርና ፖርት ወደ ሩቁ ኮምፒውተር ማሻገር ይችላል። ከመግባታችሁ በፊት "ሎካል ሪሶርስስ" የሚለውን ከፍታችሁ "ፕሪንተርስ" ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። ችግሩ፣ በዚህ መንገድ ጽሑፉ እንደ ሥዕል ሆኖ ስለሚመጣ ባለ መርፌዋ እየተንቀራፈፈች ታትማለች፤ ቁጥሩም ከሳጥኑ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ "ሞር" ብለን "ፖርትስ"ን መረጥን። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ልጅ ደግሞ "ጀነሪክ ቴክስት ኦንሊ" የሚባለውን ፕሪንተር ጫነና የሰርቨሩን ኤልፒቲ1 በ"ኔት ዩዝ" ትእዛዝ ከእሷ ኤልፒቲ1 ጋር አገናኘው። ሰርቨሩ ላይ ፖርት ማሻገር ከተከለከለ ግን ምልክቱ ከንቱ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፕሪንተሯን በዩኤስቢ መቀየሪያ ገመድ የሰካችሁ እንደሆነ ኤልፒቲ1 አትሆንላችሁም። የእኛዋ ደግነቱ ኮምፒውተሯም አሮጌ ነው፤ ባለ 25 ቀዳዳው ሰፊ መሰኪያ አለው። ሌላው፣ "ቴክስት ኦንሊ" የግዕዝ ፊደል አያውቅም። የእሷ ቅጽ አማርኛው ቀድሞ የታተመ ስለሆነ የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው። ስም በአማርኛ የምታትሙ ከሆነ በሥዕሉ መንገድ፣ በትዕግሥት!

ቅጹ ወጣ፤ ጩኸቱን በስልክ ሰማሁት። አሠሪዋ "እስከ ሰኔ እንየው" ብለዋል። ኔትወርክ ሲጠፋስ? ለዚያ በእጅ የሚሞላ ጥራዝ አሳትሚ ብያታለሁ፤ እስካሁን አላሳተመችም።