ቪትዝ ወይስ ኮሮላ?

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ኤሌክትሪክ መኪና ያልፈለገ ቤተሰብ ፊቱን የሚያዞረው ወደ አሮጌዎቹ ነው። ከእነዚህ ሁለቱ ቶዮታዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ቪትዝና የ1990ዎቹ ኮሮላ፣ ደጋግመው ይነጻጸራሉ።

ለከተማ ቪትዝ ይመቻል። አጭር ስለሆነ ጠባብ ቅያስ ውስጥ በቀላሉ ይዞራል፤ ማቆሚያም አያሳጣም። ይሁንና ባለ 1.0 ሊትር ሞተሩ 70 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያለው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ ስስ በመሆኑ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አምስት ሰው ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ይህ በግልጽ ይታወቃል።

ቅዳሜና እሁድ ክፍለ ሀገር ለሚወጣ ቤተሰብ ኮሮላ ይሻላል። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከቪትዝ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚበልጥ፣ ዕቃና ሰው ሲሞላም በፍጥነት መንገድ ላይ ይረጋጋል። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ግን ሁለቱም በከባድ ማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ አይወረድባቸውም፤ የጋለ ፍሬን አይዝም።

በዚህ ዕድሜ ከመኪናው ስም ይልቅ አያያዙ ይበልጣል። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ቤተሰቡን አሳፍረው ዳገትና ቁልቁለት ላይ ይሞክሩት። ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ ጉድጓድ ካለፈ በኋላም መወዛወዙን ካላቆመ፣ ጥሩ መካኒክ ሳያየው አይግዙ። መኪናው ውስጥ የሚቀመጡት ልጆችዎ ናቸውና።