ከታብሌቱ ጀርባ

እዚሁ በመካከላችን ይቅርና፣ አዋቂዎች ምን ያህል «ዘላቂ» አመጋገብ እንደሚከተሉ የሚያሳዩት ያማሩ ሠንጠረዦች የሚጀምሩት ታብሌት ታቅፎ ዱካ ላይ ከተቀመጠ ጠያቂና ሽንኩርት እየከተፈች ከምትመልስለት እናት ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። የ24 ሰዓት ትውስታ የሚባለው ዘዴ ትናንት የተበላውንና የተጠጣውን ያስቆጥራል። ሐሙስ ከሄዳችሁ ትናንት ረቡዕ ነበር፤ ጿሚ ቤት ሽሮና ጎመን ትመዘግባላችሁ። ዓርብ ያንኑ ደጃፍ ብታንኳኩ እንቁላልም ወተትም ታገኛላችሁ። በሁዳዴ 55 ቀናት ከተሰበሰበማ፣ አገሩ ሁሉ ለአየር ንብረት ሲል ሥጋ የተወ ይመስላል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ስለዚህ ዘገባ ሲደርሳችሁ ከናሙናው ብዛት በፊት መረጃው የተሰበሰበበትን ወር ፈልጉ።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ስለ ጤናማና ዘላቂ አመጋገብ የሚመክረው የኢት-ላንሴት ኮሚሽን ዘገባ ቀይ ሥጋን በቀን ወደ 14 ግራም አውርዶታል። ለብዙ የገጠር ቤታችን ይህ ቅናሽ አይደለም፤ ሥጋ የሚቀመሰው ለዓመት በዓል ነው። እንዲህ ያለው ሰው በዘላቂ አመጋገብ መለኪያው ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። መርጦ የተወውና አጥቶ የቀረው አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ እኔን ከሁሉ የሚከነክነኝ ይህ ነው።

ከዚያ ትሪው አለ። «ስንት እንጀራ በሉ?» ስትሏቸው «እኔ እንጃ፣ አብረን ነው የበላነው፤ እስክጠግብ ነዋ!» ይሏችኋል። ሱፐርቫይዘሩ ግን ግራም ይፈልጋል። ያለቀ ምግብ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ እንጀራው በሩብ፣ ወጡ በጭልፋ ይገመትና ለበላተኛው ይካፈላል። ጉርሻውንማ ማን ቆጥሮት!

«ምግብ ይጥላሉ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው፤ «በስመአብ! እንጀራ ይጣላል እንዴ?» የተረፈው ፍርፍር ወይም ድርቆሽ ይሆናል፤ የሻገተውም ለውሻ ወይም ለከብት ሲሰጥ «ተጣለ» አይባልም። ደግሞ እርዳታ ሊመዘገብ ነው ብሎ የጠረጠረ ሰው የበላውን ያሳንሳል፤ እንግዳ ፊት ማፈር የማይፈልገው ያበዛል። ጠያቂውም ሰው ነው፤ አንድ «አዎ» ስድስት ተከታይ ጥያቄ እንደሚከፍት ካወቀ በኋላ፣ አመሻሹ ላይ ድምፁ ሳይታወቀው ወደ «አይ» ያዘነብላል።

በመጠይቁ የኦርጋኒክ ምልክት ስለማየት የሚነሱት ጥያቄዎች ለአውሮፓ ሱፐርማርኬት የተሰፉ ናቸው፤ ከጓሮዋ ጎመን ለምትቀነጥብ ሴት ምን ይሏታል? እሳቱን ግን የሚጠይቅ የለም። በብዙ ቤት ከማገዶው ትልቁን ድርሻ የሚበላው ምጣድ ነው። እንጨት ሲጠፋ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ይሆን የነበረው ኩበት ይነዳል። የጾሙ በያይነቱ ሙሉ ነጥብ ሲያገኝ፣ ለዚያ ጭስ አንዲት ነጥብ አትቀነስም። መጠይቅ የምታዘጋጁ ካላችሁ፣ የኦርጋኒኩን አውጡና «እንጀራው በምን ተጋገረ?» የሚለውን አስገቡልን።