የአምሮት ሰዓት፦ መጠጥ ያቋረጠ ሰው ምሽቱን እንዴት ያሳልፋል?

የመጠጥ አምሮት ድንገት ውል ይላል፣ ለጥቂት ደቂቃ ይበረታል፣ ምላሽ ካላገኘ ደግሞ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢሆን ነው። መጠጥ ለአንድ ወር ወይም ለአንድ የጾም ወቅት ያቋረጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ይህን ስለማያውቅ ነው። አምሮቱ እስኪጠጣ ድረስ እየጨመረ የሚሄድ ይመስለዋል፤ «ለማይቀር ነገር ምን አስጨነቀኝ» ይልና ገና በአምስተኛው ደቂቃ እጁን ይሰጣል።

አልኮል አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ከወትሮው በላይ እንዲለቀቅ ያደርጋል። አንጎልም ደስታውን ብቻ ነጥሎ አይዝም፤ በዙሪያው የነበረውን ሁሉ አብሮ ይመዘግባል፦ ሰዓቱን፣ ወንበሩን፣ አጠገብ የተቀመጠውን ጓደኛ፣ የጥብሱን ሽታ፣ ቆርኪ ሲከፈት የሚሰማውን ድምፅ። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ድምፅ ያስለመዳቸው ውሾች በኋላ ድምፁን ብቻ ሲሰሙ ምራቃቸው እንደሚመጣ አሳይቶ ነበር። በጠጪውም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ምልክቱ ሲመጣ ሰውየው ገና ምንም ሳይወስን ሰውነቱ ይዘጋጃል። ስለዚህ አምሮት የመጣበት ሰው ቃሉን አላፈረሰም፣ ወኔውም አላነሰም። የለመደ ሰውነት ለለመደው ምልክት መልስ ሰጠ እንጂ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። መሐላ ብቻውን ሩቅ አያስኬድም፤ ሰዓትን፣ መንገድንና ባልንጀራን አስቀድሞ ማደራጀት ያስፈልጋል። ለምሳሌ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች አዲስ አበባን በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች ያዋስኗታል። ሰበታ ራሷ የመጠጥ መናኸሪያ ናት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ፋብሪካው በ2012 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት ወደ ዲያጆ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ቢጂአይ ተላልፏል። የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካም በከተማዋ ቅርንጫፍ አለው። በሦስቱም ከተሞች በየታክሲ መውረጃው ግሮሰሪ፣ በየመንደሩ ጠላ ቤትና አረቄ ቤት አይጠፋም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል፣ በመጠጥ ማስታወቂያም ላይ ገደብ ጥሏል። በግሮሰሪው በረንዳ ላይ ያለውን የድራፍት ጃምቦ ግን ከማንም ዓይን አይሰውርም።

ወደ አምሮት አያያዝ ከመግባት በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ መቅደም አለበት። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ፣ በተለይም ማለዳ ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በራሱ ፈቃድ ድንገት ማቆም የለበትም። የእንዲህ ያለው ሰው አንጎል ለዓመታት ከአልኮል ማደንዘዣነት ጋር ተስተካክሎ ኖሯል፤ አልኮሉ ሲነሳበት ከልክ በላይ ይነቃል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ላብ፣ መንቀጥቀጥና ማቅለሽለሽ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየትና ራስን አለማወቅ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። ጤና ባለሙያ በዳያዜፓምና በቫይታሚን ቢ1 ይህን አደጋ በደህና ማሻገር ይችላል። መጠጥ ለመተው ጠበል የገባ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ የርኩስ መንፈስ ሥራ ብቻ ሊመስል ይችላል። ጠበሉን የሚከለክል ሐኪም የለም፤ ታማሚው ግን በዚያው ሰዓት ሕክምናም ያስፈልገዋል። ለቡራዩ ነዋሪ የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ማዕከል ስሙ እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የአእምሮ ጤና ክፍተት ማጥበቢያ መርሐ ግብር በ2010 እ.ኤ.አ. ከጀመሩት አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ የሠለጠነ ነርስ ያለበት ጤና ጣቢያም ሊገኝ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምክር እንዲህ ያለ ሥጋት ለሌለበት፣ ለተወሰነ ጊዜ ማረፍ ለፈለገ ሰው ነው።

በኢትዮጵያ መጠጥን ለጊዜው ማቋረጥ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እንግሊዞች በ2013 እ.ኤ.አ. ጥርን ያለ መጠጥ የማሳለፍ ዘመቻ ከመጀመራቸው ብዙ መቶ ዓመታት በፊት እዚህ ሁዳዴ ነበር። የ55 ቀኑ ጾም ሲገባ ከሥጋና ከወተት ጋር መጠጡንም የሚተዉ ብዙ ናቸው። በነፍስ አባቱ ተገዝቶ ለዓመት የማይቀምስም አለ። ለሙስሊሙ ጠጪም ረመዳን ተመሳሳይ ዕድል ይሰጣል። የእነዚህ ልማዶች ትልቁ ጥቅም ሰውን ብቻውን አለመተዋቸው ነው፤ ጓደኛም ጎረቤትም በዚያው ወቅት ስለሚጾም ግብዣው ይቀንሳል፣ «ተገዝቼ ነው» የሚለውን ቃልም ክፉ አስጠጪ ሳይቀር ያከብረዋል። ጉድለታቸው ግን ቀን እንጂ ሰዓት አለመወሰናቸው ነው። ጾሙ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚፈታ ይታወቃል፤ ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከታክሲ ሲወረድ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አይናገርም።

መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ያችን ሰዓት ለይቶ ማወቅ ነው። አብዛኛው ጠጪ ቀኑን ሙሉ አያምረውም፤ የሚያምረው ከሥራ መውጫው እስከ እራት ባለው ጊዜ ነው። ያ ሰዓት ከታወቀ በሌላ ነገር አስቀድሞ መሙላት ይቻላል። ከግሮሰሪው አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ መውረድ፣ በሌላኛው መንገድ መሄድ፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ማምጣት ወይም የማታ ትምህርት መመዝገብ ከብዙ መሐላ የበለጠ ይረዳል። ውሳኔውን «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ በግልጽ ማሰር ደግሞ «ከእንግዲህ አልጠጣም» ከሚለው ጠቅላላ ቃል ይበልጣል፤ «ሰሎሞን ከበረንዳው ሲጠራኝ ሰላምታ ሰጥቼ ሳልቆም አልፋለሁ» እንደማለት ነው።

በፋብሪካ ሠራተኛው መንደር ከሰዓቱ ይልቅ ቀኑ ይከፋል፤ ደመወዝ የወጣበት ቀን። ኪስ ሲሞላ ምልክቱም ይበረታል። ዕቁብ ያላቸው ሰዎች የዕቁቡን መጣያ ደመወዝ በሚወጣበት ቀን ላይ ቢያደርጉት ወይም ገንዘቡን እዚያው በቴሌብር ወደ ቤት ቢልኩት የአምሮቱን ስንቅ ይቀንሱበታል።

ረሃብ ትልቅ ቀስቃሽ ነው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ውሎ ሆዱ ባዶ እንደሆነ ከጓደኞቹ ጋር የሚቀመጥ ሰው ከአምሮትም ከረሃብም ጋር ይታገላል። ቀድሞ ሽሮውን የበላ ሰው ትግሉ ግማሽ ነው። ድካም፣ ንዴትና ብቸኝነትም እንደ ረሃብ ይቆጠራሉ።

ጫት የሚቅም ሰው ጉዳይ ለብቻው መታየት ይገባዋል። ከሰዓት በኋላ የመረቀነ ሰው ማታ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ይፈልጋል፤ ይህንኑ ጨብሲ ይሉታል። እንግዲህ ጫቱን ይዞ ቢራውን ብቻ ለመተው መሞከር ከቀኑ በስምንት ሰዓት የማታውን አምሮት በገዛ እጅ ማዘጋጀት ነው። መጠጥ ለማቋረጥ የቆረጠ ቃሚ፣ ቢያንስ ለእረፍቱ ጊዜ ሁለቱንም አብሮ ቢያቆም ይቀለዋል።

የሱሉልታ ሰው ሌላ ምክንያት አለው፦ ብርድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ምሽቷ ይቆረጥማል፤ «አንድ መለኪያ ለብርድ» የሚለው ቃልም እዚያ ብዙ ይሰማል። አረቄ ግን አያሞቅም። በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የሙቀት ስሜት ይሰጣል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን ይበልጥ እንዲያጣ ያደርጋል። ሱሉልታ ከዚህ የተሻለ ማሞቂያ አላት። የአገሪቱ ሯጮች ሜዳዋን ለልምምድ የመረጡት፣ ቀነኒሳ በቀለም የአትሌቲክስ መሮጫ የሠራው እዚሁ ነው። አምሮት ለያዘው ሰው መሮጥ ግድ አይደለም፤ ሩብ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ አምሮቱን ያስታግሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አምሮቱ መምጣቱ አይቀርም። በመጣ ጊዜ ምን ይደረግ? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አለን ማርላት ለዚህ ያቀረበው ዘዴ ከመታገል ይልቅ መመልከትን ይመክራል። ሰውየው ቁጭ ብሎ አምሮቱ በሰውነቱ ውስጥ የት እንዳለ ይፈልጋል፦ በጉሮሮው ነው፣ በደረቱ ነው፣ በእጁ ነው? ሲጨምር እየጨመረ መሆኑን፣ ሲቀንስ እየቀነሰ መሆኑን ይከታተላል፤ አያባርረውም፣ አይታዘዘውምም። «አልፈልግም፣ አልፈልግም» እያሉ ሐሳቡን መግፋት ብዙ ጊዜ መልሶ ያመጣዋል። እንዲህ ቁጭ የሚልበት ቦታ ያላገኘ ሰው ውሳኔውን በግማሽ ሰዓት ማስተላለፍ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣትና የሚያምነው ሰው ጋር መደወል ይችላል። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ራሱ ያልፋል።

ግብዣን እምቢ ማለት በእኛ አገር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። «መድኃኒት ጀምሬያለሁ» የምትለው ምክንያት ሰባት ቀን ትሠራለች፤ በስምንተኛው ቀን ጓደኞች መቁጠር ይጀምራሉ። «ለጊዜው አቁሜያለሁ» የሚለው አጭር እውነት ይሻላል፣ ማብራሪያ ባይጨመርበት ደግሞ የተሻለ ነው፤ ማብራሪያ ክርክር ይጠራልና። እጅ ላይ የአምቦ ውሃ መያዝም ይረዳል፤ ባዶ እጅ ያለውን ሰው ሁሉም ይጋብዘዋል። አልኮል የሌላቸው የብቅል መጠጦች ለአንዳንዱ ጥሩ ምትክ ናቸው፤ ለሌላው ግን ጠርሙሱና ጣዕሙ ቢራውን ያስታውሱታል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ራሱን ያጢን። ብርዝና ቀሪቦ በትኩስነታቸው ቢጠጡ መልካም ነው፤ ከቆዩ ይፈላሉ፣ አልኮልም ይፈጥራሉ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን መጠጥ መተዳደሪያው የሆነ ቤት ነው። ጠላ ጠምቃ ወይም አረቄ ቸርችራ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት፣ ወይም የእሷ ባል፣ «መጠጥ ከቤትህ አውጣ» የሚለውን ምክር እንዴት ይፈጽማሉ? እንስራውን ከመኖሪያው ክፍል ማራቅ፣ የጠላውን ጣዕም ሌላ ሰው እንዲቀምስ ማድረግና ከደንበኛ ጋር ቁጭ ብሎ «ለወጉ» አለመቅመስ ከዚያ ቤት የሚጠበቅ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ወር ያለመጠጥ የቆየ ሰው ከሌላው እጥፍ ሠርቷል ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ ይረበሻል። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል እንጂ ሌሊቱን ያቆራርጣል፤ ሰውነት ያለ እሱ መተኛት እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ ወቅት የማታ ቡና ባይጨመርበት ይመረጣል።

መሳት ቢመጣስ? ማርላትና ባልደረባው ጁዲት ጎርደን በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ሰውን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚመልሰው የመጀመሪያው ብርጭቆ ሳይሆን ከእሱ በኋላ የሚመጣው «አንዴ ፈርሷል፣ ከእንግዲህ ምን ቀረ» የሚል ሐሳብ ነው። ጾሙን በአንድ ቢራ የሻረ ሰው በማግስቱ ቢቀጥል 54 ቀን አረፈ ማለት ነው፤ በዚህ የንስሐ አባቱም ሐኪሙም ይስማማሉ። ደጋግሞ ሞክሮ አንድ ወር እንኳ መድረስ ያቃተው ሰው ግን ጉዳዩ ከእረፍት አልፎ ሕክምና የሚሻ መሆኑን ይወቅ። ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት የተባሉ አምሮትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚታዘዙትም በሐኪም ብቻ ነው።

የእረፍቱ መጨረሻ ከመጀመሪያው ይልቅ ያሠጋል። ለ55 ቀን አልኮል ያልቀመሰ ሰውነት የድሮውን መጠን መሸከም አይችልም፤ ከሁዳዴ በፊት ስድስት ቢራ ሞቅ ብቻ ያደርገው የነበረ ሰው በፋሲካ ዕለት በዚያው ስድስት ራሱን ሊስት ይችላል። የትንሣኤ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚጠጣውን መጠን ከዋዜማው የወሰነ ሰው ራሱን ያድናል፤ በጅማ፣ በአምቦ ወይም በጎጃም መንገድ የሚያሽከረክር ከሆነ ግን መጠኑ ዜሮ ይሁን።