ብርሃን በሄደበት ይመለሳል

ከሰል የተቀጣጠለበትን ምድጃ አሻግራችሁ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ተመልከቱ። ግድግዳው ይርገበገባል፤ የተሰቀለው ፎቶ ጠርዝ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ከፍሙ የሚነሳው ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ብርሃኑን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ያጥፈዋል። ሌሊት ኮከብ ብልጭ ድርግም የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሌዘር መረጃ የሚልኩ መሐንዲሶች ዕለት ተዕለት የሚታገሉት ከዚህ አየር ጋር ነው።

የሌዘር መገናኛ ማለት በፋይበር ኬብል ውስጥ የሚሮጠውን ብርሃን ያለ ኬብል፣ በባዶ አየር ላይ መስደድ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1880 ዋሽንግተን ውስጥ የሰው ድምፅ በፀሐይ ጨረር ተሸክሞ 213 ሜትር እንዲሻገር አድርጓል። የዘመናችንን ምሳሌ ደግሞ ኮንጎ ወንዝ ላይ እናገኘዋለን። ብራዛቪልና ኪንሻሳ ወንዝ ብቻ የለያቸው፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ዋና ከተሞች ናቸው፤ ኬብል ግን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መዞር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ያኔ የጎግል እናት ኩባንያ የአልፋቤት ፕሮጀክት የነበረው ታራ 4.8 ኪሎ ሜትሩን በሌዘር ተሻገረው። ቡድኑ እንደገለጸው በ20 ቀን ውስጥ 700 ቴራባይት ገደማ መረጃ አልፏል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ እስከ 20 ጊጋቢት ነበር።

አሁን ወደ አየሩ እንመለስ። የአንድ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ የአየርን ብርሃን የማጠፍ አቅም የሚለውጠው በሚሊዮን አንድ ያህል ብቻ ነው። ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። ጨረሩ ግን በመንገዱ ላይ እልፍ የሞቁና የቀዘቀዙ የአየር ቋጠሮዎችን ያቋርጣል፤ ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ እንደ ዛፍ ጥላ ብርሃንና ጨለማ የተዥጎረጎረበት ሆኖ ነው። የጨለማው ነጠብጣብ ሌንሱ ላይ ካረፈ ሲግናሉ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ይጠፋል። ጊዜዋ አጭር ትምሰል እንጂ፣ በሰከንድ 20 ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር አንዲት ሚሊሰከንድ 20 ሚሊዮን ቢት ናት።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ግን በዚህ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ሳይናወጥ የሚቆየው ሕግ ነው። ታክሲ ውስጥ የሾፌሩን ዓይን በመስተዋቱ ካያችሁ እሱም የእናንተን ያያል፤ ብርሃን በሄደበት መንገድ ይመለሳልና። ጄፍሪ ሻፒሮ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ የተናወጠ አየርም ይህን ሕግ እንደማያፈርስ አሳይተዋል። ሁለቱ ጣቢያዎች በዚያው በአንድ ሌንስ የሚልኩና የሚቀበሉ ከሆነ፣ ብርሃኑም በሁለቱም ጫፍ ወደ አንዲት ቀጭን ፋይበር የሚገባ ከሆነ፣ አየሩ ሁለቱንም እኩል ይበድላል። እዚህ ሲደክም እዚያም በዚያው ቅጽበት ይደክማል።

ጥቅሙ ይህ ነው፤ ላኪው «ደረሰህ ወይ?» ብሎ መልስ መጠበቅ አያስፈልገውም። የራሱን ሌንስ አይቶ የወዲያኛውን ሁኔታ ያውቃል። ብርሃኑ ሲደክም ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም መላኩን ይገታል፤ ሲጠነክር ይለቀዋል። ጊዜም ይበቃዋል፤ ብርሃን 4.8 ኪሎ ሜትር ለመሻገር የሰከንድ 16 ሚሊዮንኛ ይፈጅበታል፣ አየሩ ግን የሚለዋወጠው በሚሊሰከንድ ነው። ጭጋግን ግን ይህ ዘዴ አያሸንፈውም፤ ጭጋግ ብርሃኑን በትኖ ያስቀረዋል።

ሳተላይት ላይ ነገሩ ይከብዳል። 500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚበር ሳተላይት፣ ከእሱ የመጣው ብርሃን ምድር ደርሶ መልሱ እስኪወጣለት ድረስ 25 ሜትር ያህል ተጉዟል። ስለዚህ የምድሩ ጣቢያ ወደፊት አስቀድሞ ማነጣጠር አለበት፤ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚወጣውና የሚወርደው ጨረር ግማሽ ሜትር ያህል ተራርቀው ያልፋሉ። የሚያልፉበት አየር የተለያየ ስለሆነ የአንዱ ድካም ስለ ሌላው በሙሉ አይናገርም። ሕጉ በሙሉ ጉልበቱ የሚሠራው እንደ ብራዛቪልና ኪንሻሳ ባሉበት ቆመው ለሚተያዩ ነው።